ቱቦው ውስጥ የቀረው መልስ

ዶክተሩ ብስክሌታቸውን እየገፉ የግቢውን በር ሲያልፉ ሚሊ ሞርሳ ላይ ያሰረውን ቱቦ እየሞረደ ነበር። ቀና ብሎ አየና እጁ ቀጥ አለ። ተሠርቶ ያለቀ ብስክሌት በአሥረኛው ቀን እየተገፋ ሲመለስ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም። ከዶክተሩ ኋላ ደግሞ ልጃቸው ነበረች። ካያት አሥር ቀን ሆኖታል። ከሰላምታ ሌላ ቃል ካወጣችለት ግን ከዚያም በላይ ነው።

«ደህና ዋላችሁ?» አሉ ዶክተሩ። «በሽተኛ ይዤ መጣሁ።»

አጎቱ ዘይት የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከውስጥ ብቅ አለ። «ሐኪም በሽተኛ ይዞ ወደኛ ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ! ምኑን ነው ያመመው?»

«ይንሾካሾካል።»

«ማን?»

«ብስክሌቱ ነዋ! ሜዳ ላይ ዝም ይላል። ቁልቁል ስወርድ ግን ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ኮሽ ኮሽ ይላል።»

አጎቱ ሊስቅ ብሎ የልጅቷን ፊት አየና ተወው። ልጅቷ አመድ መስላ ነበር።

ሚሊ ሞረዱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ሚሊ» እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ አጎቱ ጋ ያደገ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ ደብተሩን ዘግቶ ሞረድ ያዘ። ሰው ፊት መናገር ሞቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው «ግማሽ ሚሊ ይቀረዋል»፣ «ሩብ ሚሊ ተርፏል» ብቻ ስለሆነ አጎቱ ይህን ስም ለጠፈበት፤ በዚያው ቀረ። ሁለቱ በሰው ልክ ብስክሌት ይሠራሉ። የሰውየው እግር፣ ክንድና ወገብ ይለካል፤ የአረብ ብረት ቱቦ ይቆረጣል፤ በእሳት ይበየዳል። ጎማና መሪ የሚገጠሙበትን የብስክሌቱን አጥንት ቴላዮ ይሉታል።

የዶክተሩ ቴላዮ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። መገጣጠሚያዎቹና የኋላ እግሮቹ ብረት ናቸው፤ ሦስቱ ትልልቅ ቱቦዎች ደግሞ ጥቁር ካርቦን ፋይበር። ብረቱን የሠራው ሚሊ ነው። ካርቦኑን የሠራችው እሷ ናት። አንዱን ከሌላው ያያያዘው የእሷ ሙጫ ነው።

ዶክተሩ ከኮታቸው ኪስ የልብ ማዳመጫ አወጡ። «እንዳትስቁብኝ» ብለው ጫፉን ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ላይ ለጠፉ። «እስቲ የፊቱን ጎማ ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ልጄ።»

ሚሊ ከፍ ዝቅ አደረገው። ዶክተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ማዳመጫውን ለአጎቱ ሰጡ።

«የብየዳ ፍርፋሪ ይሆናል» አለ አጎቱ፣ አፉን ከፍቶ እያዳመጠ። «የቤቴ ጣሪያ ላይ ያለችውን አይጥ መሰለኝ።»

ልጅቷ ተቀበለችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ስትመልሰው ድምጿ ተሰብሮ ነበር። «ብረት ቢሆን ያቃጭል ነበር። ይሄ ቀላል ነገር ነው። የተፈረፈረ ሙጫ ነው። ሙጫዬ ለቋል።»

በመጨረሻ ለሚሊ ደረሰው። ጆሮው ላይ ሰካና ጎማውን በራሱ እጅ አነሳ።

ኮሽ አለ። ተንሸራተተ። ደግሞ ኮሽ አለ።

ሙጫ አልነበረም። ብረትም አልነበረም። ሚሊ ድምፁን አወቀው። ደረቱ ውስጥ ያለው ሌላ ድምፅ ደግሞ ከሱ በላይ መምታት ስለጀመረ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው።

*

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ወር በፊት በክርክር ነበር።

ዶክተሩ በወጣትነታቸው ብስክሌት ይነዱ ነበር። አንድ ጊዜ ወድቀው የተሰበረ እግራቸው ሲድን ከሌላኛው በሁለት ሳንቲሜትር አጠረ። ጡረታ ሲወጡ እንደገና መንዳት አማራቸው። የሱቅ ብስክሌት ለሳቸው አይሆንም፤ የብረቱ ደግሞ ተሸክመውት የቤታቸውን ደረጃ ሲወጡ ወገባቸውን ያሳምማቸዋል። ልጃቸው አብራቸው መጣች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የብረት ቱቦዎች አየችና፣ «ለምን በካርቦን አይሠራም?» አለች።

«ካርቦን?» አለ አጎቱ። «እርሳስ ውስጥ ያለው? የኔ ልጅ፣ እኛ የምንሠራው ሰው የሚቀመጥበት ነው እንጂ የሚጽፍበት አይደለም።»

«እኔ ደግሞ ሰው የሚቆምበትን እሠራበታለሁ።»

ክርክሩ ጦፈ። እሱ ብረት ሲመታ ይታጠፋል፣ ታጥፎም ይቃናል ይላል። እሷ ብረት ከባድ ነው፣ እያንዳንዱን ጠጠር ለወገብ ይነግራል ትላለች። ዶክተሩ እንደ ኳስ ተመልካች አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞራሉ።

ያኔ ነበር ሚሊ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለሁለቱም ቦታ አለው» ያለው።

ሚሊ መሬት ብትውጠው ወደደ። እሷ ግን ወደ እሱ ዞራ፣ «እስቲ ድገመው» አለችው።

ጠመኔ አንስቶ ወለሉ ላይ ሣለ። ምት የሚያርፍበት፣ ሰንሰለት የሚጎትተው፣ ቱቦና ቱቦ የሚገናኝበት ሁሉ ብረት። በመካከል ያለው ረጅም ረጅሙ ካርቦን። ብረቱ እንደ እጅጌ ይሆናል፤ ካርቦኑ እንደ ክንድ ይገባበታል። ሥዕሉን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው። ሚሊ ጠመኔው እጁ ውስጥ እንዳለ ረስቶ ግንባሩን ጠረገና ነጭ መስመር ግንባሩ ላይ ቀረ። አልነገረችውም። ሲመሽ ወደ ቤቱ ሊገባ እጁን ሲታጠብ በመስታወት አየው፤ አልጠረገውም።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ ስትወጣ ትመጣ ነበር። ጥቁሩን የካርቦን ጨርቅ ቅርፅ ላይ እየጠቀለለች፣ በሙጫ እያራሰች፣ ቱቦዎቹን ሠራች። ሚሊ ደግሞ ቱቦ ሳይቆረጥ በፊት ወረቀት ተጠቅልሎበት የሚቆረጥበት ቦታ እንዴት እንደሚለካ አሳያት። ወረቀቱ ሲዘረጋ ጠርዙ እንደ ማዕበል ይሆናል። «ይሄ እኮ ሥዕል ነው!» ብላ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እሷም አስተማረችው። ካርቦንና ብረት በቀጥታ አይነካኩም፤ እርጥበት ካገኛቸው ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ መሐላቸው ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ይገባል። ሲገጠሙም አንዱ በሌላው ውስጥ ተጣብቆ አይገባም። «ሁለት ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ተውለት። አጥብቀህ ከገጠምከው ሙጫው ተገፍቶ ይወጣና የሚይዝ ነገር አይኖርም።» ዕድሜውን ሙሉ ክፍተት ሲጠላ የኖረው ሚሊ ይህን ሲሰማ ሞረዱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጓንት። በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ የጸዳ ቦታ ላይ ባዶ ጣት ካረፈ የእጅ ወዝ ሙጫው እንዳይዝ ያደርጋል። አንድ ሰው እጁን ወደ ቱቦው በሰደደ ቁጥር «ጓንት!» እያለች ትጮህ ነበር። አጎቱ ሻይ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ሳይቀር እሷን እየመሰለ «ጓንት!» ይል ነበር። ስሟም በዚያው «ጓንቴ» ሆነ። እሷም ወደደችው። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቱቦ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲለኩ፣ ሲያጸዱ፣ ሲገጥሙ፣ እጃቸው በባዶው አንድ ቀን እንኳ አልተነካካም።

ቱቦዎቹ ሊጣበቁ ሦስት ቀን ሲቀረው ሚሊ መሳቢያውን ከፍቶ ሞረዱ ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘ።

«ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። ብዙ ሰው እግር ይጠብቃል፣ ሠሪ ግን የለም። መልስ እስክሰጣቸው ጥቂት ቀን ጠይቄያለሁ። የማንንም ምክር አልፈልግም፤ የአንተን ብቻ። ሂጂ ካልከኝ እሰማሃለሁ። ቅሪ ካልከኝም እሰማሃለሁ። እስከምናጣብቅበት ቀን ዝም ካልከኝ ግን ገብቶኛል እላለሁ፤ አላስቸግርህም። ጓንቴ።»

ሚሊ ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት ከግቢው ጥግ ተቀምጦ መልስ ጻፈ። የጻፈው በዚያው በቱቦ መለኪያ ወረቀት ላይ ነበር፤ የምትወደው እሱን ስለሆነ። አንድ ፊደል እንዳይሳሳት አራት ጊዜ ገለበጠው። በማጣበቂያው ቀን ጠዋት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ያን ዕለት ጠዋት ዶክተሩ ልጃቸውን ሸኝተው መጡ። ሊሄዱ ሲሉ ሚሊን ጠሩትና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ እዚህ ስትውል አሳብ የለብኝም። አንተን አምኜሃለሁ። እንደዚህ የማምነው ሰው ብዙ የለኝም» አሉትና ወጡ።

ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ድንጋይ ሆነ። የዶክተር ቤት፣ ልካቸውን ሊወስድ የሄደ ጊዜ ጫፉ ላይ የተቀመጠበት ለስላሳ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ዲፕሎማዎች ሁሉ ፊቱ ድቅን አሉ። እነዚህ ሰዎች አምነውኛል አለ በልቡ። የታመነ ሰው ከጀርባ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጽፋል?

ሊቀደው ሞከረ፤ እጁ እምቢ አለው። እሷ ወደ ውስጥ ገብታ ሙጫውን ስታዋህድ ወረቀቱን ጠቀለለና ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ውስጥ አስገብቶ በፕላስተር ለጠፈው። ጓንት አድርጎ፣ የጸዳውን ጠርዝ ሳይነካ። ማንም አያነበውም፤ ግን እሷ በሠራችው ነገር ውስጥ ይኖራል። ያን ጊዜ ለዚህ እንኳን አመሰገነ።

ሙጫው ከተዋሐደ በኋላ እስኪደርቅ የሚሰጠው ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። በአርባው ደቂቃ ሁሉ ዓይኖቿ ከቱቦው ወደ ፊቱ፣ ከፊቱ ወደ ቱቦው ሲመላለሱ ታየው። የመጨረሻው መገጣጠሚያ ሲገባ፣ የተረፈውን ሙጫ በጨርቅ ጠርጋ፣ «የቀረ ነገር አለ?» አለችው።

«የለም» አለ ሚሊ። «ሁሉም ልኩን ይዟል።»

አንገቷን ነቀነቀች። ጓንቷን አውልቃ፣ ገልብጣ፣ አጣጥፋ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ያንን አስተጣጠፍ ሚሊ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ቴላዮው ሙጫው በደንብ እንዲይዝ ሙቀት ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ስድሳ ዲግሪ፣ ለስድስት ሰዓት። ግማሽ ሚሊ የማያመልጠው ሚሊ ሁሉንም ለካ፤ ስድሳ ዲግሪ ፕላስተርን ምን እንደሚያደርገው ግን አላሰበም።

*

«መጋዝ ስጡኝ» አለች ጓንቴ።

«ምን?» አለ አጎቱ።

«መጋዝ። መገጣጠሚያውን ቆርጬ ሙጫው የቱ ጋ እንደለቀቀ ማየት አለብኝ። አባዬ፣ ይቅርታ። ሌላ ይሠራልሃል።»

ዶክተሩ ኮርቻውን እንደ ልጅ ራስ ዳሰሱት። «እኔ እንኳ ኮሽታውን ለምጄው ነበር። መንገድ ላይ የሚያወራኝ አገኘሁ ብዬ—»

«አባዬ! ቁልቁል ስትወርድ ቢለያይስ?» እንባዋ ቀደማት፤ በክንዷ ጠረገችው። «ሰኞ እኮ ልሄድ ነው። እዚያ ሰው በእግሩ የሚቆመው በዚሁ ሙጫ ነው፣ በዚሁ እጅ። የገዛ አባቴን መያዝ ያቃተው ሙጫ ይዤ የማንን እግር ልሠራ ነው? ደውዬ ሌላ ሰው ፈልጉ እላቸዋለሁ።»

«ኧረ ተይ፣ የኔ ልጅ» አለ አጎቱ። «ስንት ብየዳ ለቆብኛል እኔ።»

«የአንተ ሲለቅ ድምፅ ያሰማል፤ ጠጋግነህ ትጨርሳለህ። የኔ ሲለቅ ሰው ይወድቃል።»

ከጠረጴዛው ሣጥን ውስጥ ጓንት አወጣችና አደረገች። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መጋዞች ስሱን መረጠች። ቴላዮውን ሞርሳው ላይ ጨርቅ አልብሳ ማሰር ስትጀምር፣ ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ ሚሊ አየ። እነዚያ ጣቶች አንድ ቀን ተንቀጥቅጠው አያውቁም። ተንቀጥቅጠው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጨርቅ በአንድ መስመር አይተኛም ነበር።

ሚሊ ዝም ቢል ቴላዮው ይቆረጣል። ወረቀቱ ምናልባት ይገኛል፣ ምናልባት ከፍርፋሪው ጋር ይጠረጋል። እሱ ይድን ይሆናል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ እጆቿን እንደተጠራጠረች ትኖራለች። አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ልቧን ሰበረ። ሁለተኛ ዝም ብሎ እጇን ሊሰብር ነው።

መጋዙ ቱቦው ላይ አረፈ።

«ሙጫሽ አልለቀቀም» አለ ሚሊ።

ድምፁ ከራሱ ጆሮ እንኳ ርቆ ተሰማው። ሦስቱም ዞሩ።

«ምን አልክ?» አለች።

«ሙጫሽ አልለቀቀም። መቼም አይለቅም። ኮሽ የሚለው…» ዶክተሩን አየ፤ ዓይኑ መሬት ሊፈልግ ሲል በግድ ቀና አደረገው። «ወረቀት ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ለጓንቴ የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ዶክተር፣ አምነውኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሚሊ የሕይወቱን ትልቁን ንግግር አድርጎ ጨርሶ፣ አፍራለሁ ብሎ ሲጠብቅ ቀለል ሲለው ተሰማው፤ ብዙ መንገድ የተሸከሙት ቱቦ ከትከሻ ሲወርድ እንደሚቀለው።

*

ፔዳሉ የሚዞርበትን ዘንግ በመፍቻ ፈታው። ከሥሩ ቱቦው ወደ ውስጥ የሚከፈትበት ቀዳዳ አለ። የቸርኬ ሽቦ ጫፉን ቆልምሞ አስገባ። አጎቱ ከኋላው ቆሞ፣ «ወደ ግራ… ግማሽ ሚሊ ይቀርሃል!» አለ። ማንም አልሳቀለትም፤ እሱ ራሱ ግን ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ወረቀቱ ወጣ። ሙቀት ያላቀቀው ፕላስተር ተንጠልጥሎበታል፤ ጠርዙ እንደ ማዕበል ነው። ሚሊ ሳያያት ዘረጋላት።

ጓንቴ ልትቀበል እጇን ዘርግታ ቆም አለች። ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ በባዶ እጇ ተቀበለችው።

ሳትቀመጥ አነበበች።

«ለጓንቴ።

ሂጂ። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ቢሆንም ሂጂ። እግር የሚጠብቅ ሰው ብስክሌት ከሚጠብቅ ሰው ይቀድማል። ግን ዝም ብሎኛል ብለሽ እንዳትሄጂ። የምልሽ አለኝ።

አመሰግንሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቃል ተናግሬ መሬት ብትውጠኝ ስመኝ፣ እስቲ ድገመው ስላልሽኝ። እስከዚያ ቀን የተናገርኩትን ድገመው ያለኝ ሰው አልነበረም። ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ ጠይቀሽኝ ስነግርሽ ፊትሽ ስላልተለወጠ አመሰግንሻለሁ። ክንዴ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አይተሽ፣ ውይ ከማለት ፈንታ የቱን ስትሠራ ነው ስላልሽኝ አመሰግንሻለሁ። ጨርቁን ስትጠቀልዪ ታንጎራጉሪያለሽ። ቤታችን የብረት ድምፅ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ለእሱም አመሰግንሻለሁ።

አጎቴ አሳደገኝ፣ ሥራ አስተማረኝ። ለእሱም አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብዬው አላውቅም። ካንቺ ከጀመርኩ ለእሱም እቀጥላለሁ።

እወድሻለሁ ለማለት ይህን ያህል ዞርኩ። እወድሻለሁ። ብትሄጂም ያው ነው። ብስክሌቱ አባትሽን ይሸከማል፤ አብረን የሠራንባቸው ቀኖች ደግሞ እኔን ይሸከሙኛል።

ሚሊ።»

አንብባ ስትጨርስ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለተኛውን ጨርሳ ቀና ስትል ጉንጮቿ ርሰው ነበር።

«አሥር ቀን!» አለች። «ከዚያም በፊት ሌላ ሁለት ሳምንት! አላስቸግርህም ብዬ በዚህ በር ሳላልፍ፣ አውቶቡስ ስሳፈር ሰፈራችሁ እንዳይታየኝ ፊቴን ሳዞር! መልሱ ይህ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ራሴ ነኝ እኮ ያሸግኩት! በገዛ ሙጫዬ!» ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጣች። «ደግሞ ጥሩ አድርጌ ነው ያሸግኩት።»

«በጣም ጥሩ አድርገሽ» አለ ሚሊ። እሷም በዚህ ጊዜ ሳቀች።

አጎቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቀጥ ብለው የተሰቀሉትን መጋዞች እንደገና ቀጥ ያደርግ ጀመር። «አመሰግናለሁ ብዬው አላውቅም የሚል ነገር አለበት መሰለኝ» አለ። «ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አየሁት።»

«አለበት፣ ጋሼ» አለ ሚሊ። «አመሰግናለሁ።»

«በል በል፣ ሥራ አታስፈታኝ» አለ አጎቱ፣ አንዱን መጋዝ ከግድግዳው እየጣለ።

የቀሩት ዶክተሩ ነበሩ። ሚሊ ወደ እሳቸው ዞረ። ሽማግሌው የልብ ማዳመጫቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ ነበር፤ ፊታቸው አይነበብም።

«አምኜሃለሁ ባልኩህ ቀን ነው የደበቅከው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«አምኜሃለሁ ማለት አፍህን ዝጋ ማለት መሰለህ?»

ሚሊ የቸርኬውን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ስማኝ፣ ልጄ። አርባ ዓመት ሰው አክሜያለሁ። የታመመ ሁሉ ይመጣል። የዳነ ግን አይመለስም፤ ደህና ሆኗል፣ ምን ሊያደርግ ይመለሳል? ተመልሰው አመሰግናለሁ ያሉኝን በጣቴ እቆጥርልሃለሁ፤ ፊታቸውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ልጄ ወረቀቱን ስታነብ ፊቷን እያየሁ ነበር። እንዲህ አድርጎ የሚያመሰግናት ሰው ከተገኘ እኔ በመካከል ምን ቤት ነኝ?» ከዚያ ዘንጉ የወጣለትን ብስክሌት አዩና ተንፈስ አሉ። «ብቻ ሌላ ጊዜ ደብዳቤ ስትጽፍ በፖስታ አድርገው። እኔ ላይ አትጫነው።»

ጓንቴ ደብዳቤውን አጣጥፋ፣ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ያን በፊት የወሰደችውን የቱቦ መለኪያ ወረቀት አወጣች። እስካሁን ይዛው ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ መለሰቻቸው።

«ሰኞ እሄዳለሁ» አለችው። ድምጿ ተመልሷል፤ እጆቿም። «ሂጂ ብለሃላ። ግን ይህ መገጣጠሚያ መመርመር አለበት። ብረትና ካርቦን አብረው ሲኖሩ ዝም ተብሎ አይተውም።»

«በየስድስት ወሩ ብለሽ ነበር» አለ ሚሊ፣ ልኩን የማይረሳው።

«በየወሩ።»

«አንድ ወር ለሙጫ እንኳ—»

«ሚሊ!» አለ አጎቱ። «ልጄ፣ አንዳንዴ አትለካ።»

ዶክተሩ ጎንበስ ብለው ማዳመጫውን ቱቦው ላይ ለጠፉ። ጎማውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «ጸጥ ብሏል» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረ።

ያን ጊዜ ጓንቴ እጇን ዘረጋች። ሚሊ መፍቻውን የፈለገች መስሎት ሊያቀብላት ነበር። መፍቻውን አልያዘችም። ዘይትና ጥላሸት የጠገበውን፣ በእሳት የተጠበሰውን፣ ሞረድ ያሻከረውን እጁን በባዶ እጇ ያዘችው፤ አጥብቃ።

«ጓንት!» ብሎ ጮኸ አጎቱ።

ማንም አልሰማውም። የእጇ ሙቀት ሚሊ ካሰበው ይበልጥ ነበር። ስንት ወር በአንድ ቱቦ ሁለት ጫፍ የተያያዙ እጆች፣ መሐላቸው ስስ ጨርቅ እንኳ ሳይገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነካኩ። የምትሄድበት ከተማ እንዳለ ነው፤ መንገዱም አልቀነሰም። ሚሊ ግን ያን ጊዜ የሚፈራውን ሁሉ ቢፈልግ አላገኘውም። ያገኘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ለአጎቱ፣ ለዶክተሩ፣ ለቱቦው፣ ላልያዘው ፕላስተር እንኳ ሳይቀር የሚበቃ። ጣቶቿን መልሶ ጨበጠና፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ ተናገረው።

«አመሰግናለሁ» አላት።

«እስቲ ድገመው» አለች።